የአኳሪየም ፓምፕና ቱቦ ድምፅ እንዴት እንደሚቀነስ

የሚረብሽ የአኳሪየም ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች በአንዱ ይመጣል፤ ወይ የሚነዝር ዕቃ ጠንካራ ነገር ነክቷል፣ ወይ አየርና ውሃ በአንድ ቱቦ ውስጥ እየተጋፉ ነው። የሁለቱ መፍትሔ ለየቅል ነው። ስፖንጅ የሚንዶቆዶቅ ቱቦን ዝም አያሰኝም፤ ቫልቭም የፓምፕን ጥዝታ አይቀንስም። ስለዚህ ምንጩን ሳይለዩ አዲስ ፓምፕ መግዛት ትርፉ ወጪ ነው፤ አዲሱም በዚያው ቦታ ተቀምጦ እንደ አሮጌው ይጮኻል።

ምንጩን መለየት

በመጀመሪያ ማሞቂያውን ይንቀሉ፤ ፓምፕ ሲቆም የውሃው ከፍታ ወርዶ ማሞቂያው በደረቁ ሊቀር ይችላል። ከዚያ የቀሩትን ሶኬቶች አንድ በአንድ እየነቀሉ ያዳምጡ። የጠረጠሩት የአየር ፓምፑን ከሆነ እየሠራ ሳለ በእጅዎ ከፍ ያድርጉት። ሲነሣ ድምፁ ከጠፋ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ የሚጮኸው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ወይም ቁም ሣጥን ነው። በእጅ ተይዞም ከጮኸ ችግሩ ውስጡ ነው። ውሃ ውስጥ ያለን ፓምፕ ግን ከኤሌክትሪክ ሳይነቅሉ በጭራሽ አይንኩ።

ድምፁን ለይቶ ማዳመጥም ይረዳል። ወጥ የሆነ ጥዝታ ንዝረት ነው። የሚንኳኳ ወይም የሚፋጭ ድምፅ ከፓምፑ ሆድ ይመጣል። ዶቅ ዶቅ የሚለው ወይም አየር እየሳበ የሚያፏጨው የማፍሰሻ ቱቦው ነው።

የአየር ፓምፕ

በውስጡ በማግኔት የሚወዛወዝ ክንድና ዲያፍራም የሚባል የጎማ ሽፋን አለ። በ50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ክንዱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ንዝረቱን ማጥፋት አይቻልም፤ ወደ ሌላ ዕቃ እንዳይተላለፍ ማድረግ ግን ይቻላል። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ስፖንጅ ከሥሩ ያድርጉ፣ ወይም በገመድ ያንጠልጥሉት። ብዙዎቹ አየር የሚስቡት ከሥራቸው ባለ ቀዳዳ ስለሆነ ስፖንጁ እንዳይደፍነው ይጠንቀቁ። ፓምፑ ግድግዳ አይንካ፣ ቱቦውም አይወጠር።

በፎጣ መጠቅለል ወይም ዝግ ሣጥን ውስጥ መክተት ድምፁን ለጊዜው ያፍናል፤ ነገር ግን ፓምፑ ይሞቃል፣ ጎማውም ቶሎ ይበላሻል። ይህን አቋራጭ ይተዉት።

ፓምፑ ቀድሞ ጸጥ ያለ ሆኖ ቀስ በቀስ መጮኽ ከጀመረ መጀመሪያ የአየር ድንጋዩን ይመርምሩ። የተደፈነ ድንጋይ አየሩን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ፓምፑ ይጨነቃል፣ ዲያፍራሙም ይቀደዳል። ድንጋዩን ነቅለው ያዳምጡ፤ ድምፁ ከቀነሰ ድንጋዩን ይለውጡ። አየሩ ከበዛብዎ ቱቦውን አጥፈው አያንቁት፤ ሦስት አፍ ባለው ቲ መገጣጠሚያና በትንሽ ቫልቭ ትርፉን ወደ ውጭ ይልቀቁት። ከውሃው ከፍታ በታች የሚቀመጥ የአየር ፓምፕ ደግሞ የማይመልስ ቫልቭ ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል።

ፊልተርና የውሃ ፓምፕ

የሚንኳኳ ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ማጽዳት ብቻ ነው የሚፈልገው። ነቅለው ይክፈቱትና ኢምፔለሩን፣ ማለትም ማግኔት ያለውን ባለ ክንፍ ተሽከርካሪ፣ ያውጡ። አሸዋ፣ የቅጠል ቁራጭ ወይም ትንሽ ቀንድ አውጣ ተሰንቅሮ ሊገኝ ይችላል። ነጭ ቅርፊት ከያዘው ከውሃ ጋር እኩል በተደባለቀ ነጭ አቼቶ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፈው በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱት፣ በደንብም ያለቅልቁት። ማግኔቱ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ አይርሱ፤ ቅርፊቱ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ዘንጉ ከተሰነጠቀ ወይም በጫፎቹ ያሉት የጎማ ማቀፊያዎች ከላሉ ክፍሉን ብቻ መለወጥ ይበቃል። ዘይትም ሆነ ቅባት አያስነኩት፤ ለዓሦቹ አደገኛ ነው፣ ጎማውንም ያበላሻል።

ከታች የሚቀመጥ ዝግ ፊልተር ከጽዳት በኋላ የሚያንኮራኩር ከሆነ አየር ታፍኖበታል። እየሠራ ሳለ ቀስ አድርገው ወዲያና ወዲህ ያዘንብሉት፤ አረፋው በመውጫው ይወጣል። በገንዳው ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሚሰማው የፏፏቴው ድምፅ ነው፤ ውሃ ጨምረው ከፍታውን ወደ ፊልተሩ ከንፈር ያስጠጉት።

በውሃ ውስጥ የሚሠራ ፓምፕ የመስታወቱን ግድግዳ እንዳይነካ አድርገው ሳሙናም ሆነ ሌላ ኬሚካል የሌለው ስፖንጅ ላይ ያስቀምጡት። ከፓምፑ በቀጥታ የሚነሣ ጠንካራ የፒቪሲ ቱቦ ንዝረቱን እስከ ቁም ሣጥኑ ድረስ ያደርሰዋል። በመካከላቸው 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ ማስገባት ጥዝታን በመቀነስ ረገድ ከሁሉም የተሻለ ውጤት አለው። ፍሰቱን መቀነስ ከፈለጉ ቫልቩን በመውጫው በኩል ያድርጉት፤ መግቢያው የታነቀ ፓምፕ ይጮኻል፣ ይጎዳልም።

የማፍሰሻ ቱቦ

ሳምፕ፣ ማለትም ከዋናው ገንዳ ሥር የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ፣ ባለው አኳሪየም ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። ከላይኛው ገንዳ ሞልቶ የሚፈሰው ውሃ በቱቦ ወደ ታችኛው ሲወርድ አየር ይዞ ይወርዳል፤ የሚንዶቆዶቀውም ለዚህ ነው። ዝም እንዲል ቱቦው ወይ ሙሉ በሙሉ ውሃ፣ ወይ አየሩ በነፃነት የሚያልፍበት መሆን አለበት። መካከለኛው ሁኔታ ነው የሚጮኸው።

መጀመሪያ ፍሰቱን ያስቡ። በሳምፕ በኩል በሰዓት ከገንዳው መጠን ከ3 እስከ 5 እጥፍ የሚሆን ፍሰት በአብዛኛው ይበቃል፤ ለ200 ሊትር ገንዳ ከ600 እስከ 1000 ሊትር ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚገፋ ፓምፕ ድምፅ ከመጨመር ያለፈ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

የማፍሰሻ ቱቦው አንድ ብቻ ከሆነ አየር መስጠት ነው መፍትሔው። በሚወርደው ቱቦ አናት ላይ ቲ ይግጠሙ፤ በጎን በኩል አፉ ወደ ታች የዞረ መታጠፊያ ይጨምሩበትና የቲውን አናት በክዳን ይዝጉት። ክዳኑ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ። ቀዳዳው ከጠበበ ውሃው በማፍሰሻ ሳጥኑ፣ ማለትም ቱቦው በቆመበት የገንዳው ክፍል፣ ውስጥ ቀስ እያለ ይነሣል፣ በድንገት ተስቦ ይወርዳል፣ እንደገና ይነሣል። ከሰፋ ደግሞ ያፏጫል። ስለዚህ ቀዳዳውን በጥቂት በጥቂቱ ማስፋት ይሻላል፤ ከሁሉም የሚቀለው ግን ቀዳዳው ውስጥ ቀጭን የአየር ቱቦ ከትንሽ ቫልቭ ጋር ሰክቶ አየሩን በዚያ ማስተካከል ነው። አንድ ብቻ በሆነ ማፍሰሻ ላይ ግን የውሃ ቫልቭ በጭራሽ አይግጠሙ። አንድ ቅጠል ከዘጋው ውሃው ሄዶ ሄዶ ወለል ላይ ነው።

ሁለት ቱቦ ካለ ከዚህ የበለጠ ጸጥታ ይገኛል። አንዱ ያለ አየር ሙሉ ውሃ ይስባል፤ ሁለተኛው አፉ ከፍ ብሎ በመጠባበቂያነት ይቀመጣል። በዋናው ላይ፣ ከሳምፑ በላይ እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ ቫልቭ ይገጠማል። ይህ ቫልቭ ብዙ ዙር የሚዞረው ጌት ቫልቭ ይሁን። እጀታው ሩብ ዙር ብቻ የሚሄደው ቦል ቫልቭ ይረክሳል፤ እዚህ ግን አይሆንም፤ በትንሹ ሲነካ ፍሰቱ በብዙ ስለሚለወጥ ልኩን ማግኘት ያሰለቻል።

አስተካከሉ እንዲህ ነው። ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ፓምፑን ያስነሡ፤ ቱቦው አየር እየሳበ ይጮኻል። አሁን በትንሽ በትንሹ ይዝጉ። በእያንዳንዱ ንክኪ መካከል ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ውሃው አዲስ ከፍታው ላይ እስኪረጋ ጊዜ ይወስዳል፣ የሚቸኩል ሰው ልኩን እያለፈ ይመላለሳል። ውሃው ከዋናው ቱቦ አፍ በላይ ሲወጣ ድምፁ ይጠፋል። እዚያ ላይ አያቁሙ፤ ቀጭን የውሃ መስመር በመጠባበቂያው ቱቦ እስኪወርድ ድረስ ትንሽ ይጨምሩ። ከፓምፑ ጋር ፍጹም እኩል የተደረገ ቫልቭ ፓምፑ በትንሹ ሲቆሽሽ ይዛባል፤ በመጠባበቂያው የሚወርደው ቀጭን ውሃ ግን ያንን ልዩነት ይሸከማል። መጠባበቂያው ራሱ ምንም ቫልቭ አይኑረው፤ የፓምፑን ሙሉ ፍሰት ለብቻው መሸከምም አለበት።

የዋናው ቱቦ የታችኛው ጫፍ ወደ ሳምፑ ውሃ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይግባ። ከውሃው በላይ ከቀረ ይረጫል፤ በጣም ከጠለቀ ፓምፑ ሲነሣ በቱቦው ያለው አየር መውጣት ያቅተዋል። በ90 ዲግሪ ከታጠፈ አንድ መገጣጠሚያ ሁለት የ45 ዲግሪ ይሻላል፤ አግድም የሚሄድ ቱቦም አየር ስለሚያቁር ሁልጊዜ ቁልቁል ያዘንብል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ጥዝታ ከቀረ የቁም ሣጥኑን የጀርባ ሳንቃና በር በእጅዎ ጫን እያደረጉ ያዳምጡ። ሲጫኑት ዝም ያለው ሳንቃ ላይ ስፖንጅ ይለጥፉ፤ ቱቦ በእንጨት ቀዳዳ የሚያልፍበትንም ጠርዝ በጎማ ይክበቡ።

በመጨረሻ ፓምፑን ከሶኬቱ ነቅለው ወደ ሳምፑ የሚወርደው ውሃ እስኪቆም ይጠብቁ። ሳምፑ ሳይፈስ ሁሉንም መያዝ አለበት። ካልያዘ ወይ ፓምፑ ሲሠራ ያለውን የሳምፑን የውሃ ከፍታ ይቀንሱ፣ ወይ ውሃውን ከሳምፑ ወደ ላይ የሚመልሰውን ቱቦ አፍ ወደ ላይኛው ገንዳ ውሃ ገጽ ያስጠጉት። ከዚያ መልሰው ይሰኩት፤ ማፍሰሻው ማንም ሳይነካው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወደ ጸጥታው መመለስ አለበት። ካልተመለሰ የታችኛውን ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርገው ሙከራውን ይድገሙት።