ኤፍ5ን ነክቶ ኮማንድ ማስኬድ

ቀኑን ሙሉ ተርሚናል (ኮምፒውተሩን በጽሑፍ የምናዝበት መስኮት) ላይ የሚውል ሰው አንዷን ኮማንድ ስንቴ እንደሚጽፍ ቢቆጥር ራሱን ይታዘባል። እኔ ጊት ስታተስን፣ የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት ውስጥ ምን እንደተቀየረ የምታሳየዋን ኮማንድ፣ እንደ ሰላምታ ነበር የምደጋግማት። ኪቦርዱ አናት ላይ ደግሞ አሥራ ሁለት ቁልፎች ሥራ ፈተው ተኮልኩለዋል። ሊኑክስ ላይ ባሽን (ተርሚናሉ ውስጥ ኮማንድ ተቀብሎ የሚያስኬደውን ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ከሆነ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ቁልፉ ምን እንደሚልክ እዩ። ኮንትሮልና ቪን አብራችሁ ተጫኑ፣ ልቀቁና ኤፍ5ን ንኩ። ^[[15~ የሚል ነገር ይወጣል። ከፊት ያለው ^[ ሁለት ምልክት ይምሰል እንጂ አንድ ነው፣ ኢስኬፕ ማለት ነው። ኤፍ6 ላይ 16ን ስትጠብቁ 17 ይመጣል፤ አልተበላሸም። ቁጥሮቹ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ካወጣው ቪቲ220 ተርሚናል የመጡ ናቸው። የዚያ ኪቦርድ ኤፍ5 እና ኤፍ6 መካከል ክፍተት ነበረው፣ ቁጥሩም እዚያው ጋ ይዘላል።

ቀጥሎ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ኢንፑትአርሲ (.inputrc) የሚባለውን ፋይል ክፈቱ፣ ስሙ በነጥብ ይጀምራል፣ ከሌለ ፍጠሩት። በድርብ ጥቅስ ውስጥ ባክስላሽ፣ ትንሿን የእንግሊዝኛ ኢ፣ ከዚያ [15~ ጻፉ። ባክስላሽና ኢ የኢስኬፕ ምትክ ናቸው። ጥቅሱን ዝጉና : አድርጉ፣ በሌላ ድርብ ጥቅስ ውስጥ ኮማንዱን አስገቡ፣ መጨረሻው ላይ ባክስላሽና ትንሿን ኤን ጨምሩ። ሴቭ አድርጉና ተርሚናሉ ላይ ኮንትሮል ኤክስ፣ ቀጥሎ ኮንትሮል አር። በቃ፣ ኤፍ5 ሥራ ጀመረ።

ያቺን ኤን ግን ልብ በሉልኝ። እንተርን የምትመታላችሁ እሷ ናት። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ያልተመዘገበ ለውጥን የሚሰርዘውን ጊት ሪሴት ሃርድን ከነኤኗ ኤፍ8 ላይ አስሬ፣ አንድ ቀን ኤፍ7ን የነካሁ መስሎኝ ገና ኮሚት ያላደረግሁትን (ጊት ላይ ያላስመዘገብሁትን) የግማሽ ቀን ሥራ ድራሹን አጠፋሁት። የሚያጠፋና የሚሰርዝ ኮማንድ ከሆነ ኤኗን ተዉአት፤ ኮማንዱ ተጽፎ ይቆምላችኋል፣ አይታችሁ እንተርን ራሳችሁ ትመታላችሁ።

የጀመራችሁት ጽሑፍ ካለ ኮማንዱ እሱ ላይ ተለጥፎ ይበላሻል። ለዚህ ከኮማንዱ በፊት ባክስላሽ፣ ትልቁን ሲ፣ ሰረዝና ትንሿን ዩ አስቀድሙ፤ ኮንትሮል ዩ ማለት ነው፣ ከከርሰሩ በስተግራ ያለውን ይጠርጋል።

ሌላው ጣጣ፣ ይህን ፋይል የሚያነበው ባሽ ብቻ አይደለም። የምንጽፈውን መስመር የሚቀበለውን ሪድላይን የተባለ ላይብረሪ የሚጠቀም ፕሮግራም ሁሉ ያነበዋል። ጂዲቢ (የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያ) ውስጥ ሆናችሁ ኤፍ5ን ብትነኩ ጊት ስታተስ እዚያ ይጻፍና ግራ ይገባችኋል። መስመሮቻችሁን የዶላር ምልክት ባላቸው ኢፍ ባሽ ($if Bash) እና ኢንድኢፍ ($endif) መካከል ካስገባችኋቸው ከባሽ አይወጡም።

ኤፍ1፣ ኤፍ10 እና ኤፍ11ን ብዙ ጊዜ ተርሚናሉ ራሱ ለሄልፕ፣ ለሜኑና ለፉል ስክሪን ስለሚወስዳቸው ከኤፍ5 እስከ ኤፍ9 ያሉት ይሻሏችኋል። በባሽ ፈንታ ዚሽ የምትጠቀሙ ደግሞ ይህን ፋይል አትድከሙበት፣ የእናንተው ባይንድኪ የተባለው ኮማንድ ነው፣ ሰረዝ ኤስ አስከትሉበት (bindkey -s)። ላፕቶፓችሁ ላይ ኤፍ5 ድምፅ ወይም መብራት የሚነካ ከሆነ ኤፍኤንን አብራችሁ ተጫኑ።