«ጠሐይ» ስህተት አይደለም፦ ስለ ቋንቋ ጥናት ታሪክ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሲደርስ እዚህ ደብረ ብርሃን የቋንቋ ተማሪዎች ረቂቃቸውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። የቋንቋ ጥናት ታሪክ የሚለው ምዕራፍ ላይ ሁሌም ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ስህተቶቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ሲገለብጥ የመጡ ናቸው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

በጣም የሚያሳዝነኝን ላስቀድም፦ የገጠሩን አነጋገር «የተበላሸ አማርኛ» ማለት። አያቴ የመንዝ ሰው ነበሩ። «ጠሐይ ወጣች» ይሉ ነበር። እኛ የከተማ ልጆች «እማማ፣ ፀሐይ ነው የሚባለው» እያልን እናርማቸው ነበር። ተሳስተን ነበር። የግዕዝ ጸ እና ፀ በአማርኛ ብዙ ጊዜ ጠ ሆነው ነው የሚገኙት። ጽሕም ጢም ሆነ። ጸጕር ጠጉር ሆነ። ዐጽም አጥንት ውስጥ አለ። ጸብሐ ደግሞ ጠባ ሆነ፤ «ነጋ ጠባ» ስንል፣ «መስከረም ሲጠባ» ስንል የምንጠራው እሱን ነው። እኛ ራሳችን ቀኑን ሙሉ ጢምና አጥንት እያልን አያቴን «ጠሐይ» አሉ ብለን አረምን። የከተማው ፀሐይ ከመጽሐፍና ከቤተ ክርስቲያን ንባብ የተጠበቀ ነው። የእሳቸው ጠሐይ የአማርኛን መንገድ ተከትሎ የመጣ ነው።

ይህ የአያቴ ነገር የዘርፉ ትልቁ ግኝት ነው። ጀርመናዊው ምሁር ያኮብ ግሪም በ1822 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላም ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ እንዲሁ ነው) የጀርመንኛና የእንግሊዝኛ ድምፆች ከላቲንና ከግሪክ ጋር ሲነጻጸሩ በሥርዓት እንደሚለዋወጡ አሳየ። ላቲን ፓተር ያለውን እንግሊዝኛ ፋዘር ይላል፤ ፒስኪስ ያለውን ፊሽ። በ1870ዎቹ የላይፕዚግ ወጣት ምሁራን ነገሩን አጠንክረው «የድምፅ ሕግ እንደ ልብ አይጣስም» አሉ። ይህንን ለማስረዳት ተማሪው ሁሌ ፓተርና ፋዘርን ይገለብጣል። ጽሕምና ጢም ደጁ ላይ ቁጭ ብለው ሳለ!

ሁለተኛው፣ አዲስ ንድፈ ሐሳብ ሲመጣ የድሮው ሞቶ ተቀበረ ብሎ መጻፍ ነው። «ሶሱር የታሪካዊ ቋንቋ ጥናትን አስወገደ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ አነበብኩ መሰላችሁ። ቋንቋን በአንድ ዘመን እንዳለ ሥርዓት እናጥና ያለው ስዊዘርላንዳዊ ምሁር ፌርዲናንድ ደ ሶሱር፣ ራሱ መጀመሪያ ስሙን ያስጠራው በታሪካዊ ጥናት ነው። ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ የሕንድና የአውሮፓ ቋንቋዎች ጥንታዊ ምንጭ ላይ አሁን የትም የማይሰሙ ድምፆች ነበሩ ብሎ በስሌት ብቻ ገመተ። ድምፆቹ ሲጠፉ አናባቢውን ለውጠው ሄደዋል አለ። በ1927 ኩሪዎቪች የተባለ የፖላንድ ምሁር፣ ከቱርክ ምድር ተቆፍሮ በወጣው የኬጢያውያን ጽሑፍ ውስጥ ከድምፆቹ አንዱን ቦታው ላይ አገኘው። ሶሱር ግን በ1913 ሞቷል።

ይህንን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት ቀላል ነው። ነገረ፣ ሰበረ፣ ፈለገ በሉ። ሁሉም በመጀመሪያው ድምፅ፣ በግዕዝ (ረ፣ ገ) ያልቃሉ። አሁን ሰማ፣ በላ፣ መጣ፣ ነጋ በሉ። ለምን በአራተኛው፣ በራብዕ (ማ፣ ላ) አለቁ? ሦስተኛው ፊደል የት ሄደ? ግዕዙን ክፈቱት፦ ሰምዐ፣ በልዐ፣ መጽአ፣ ነግሀ። የጉሮሮው ድምፅ ጠፋ፤ «ማ» እና «ላ» ላይ ግን ዱካውን ትቶ ሄደ። ግዕዝ ባይጻፍልን ኖሮ እንኳ «እዚህ አንድ ነገር ነበር» ማለት እንችል ነበር። ሶሱር ያደረገው ይህንኑ ነው።

በነገራችን ላይ «ሶሱር በ1916 የአጠቃላይ ቋንቋ ጥናት መጽሐፉን ጻፈ» አትበሉ። ባልደረቦቹ ከሞተ በኋላ ከተማሪዎቹ ማስታወሻ አሰባስበው ያሳተሙት ነው።

ሦስተኛው ክርክር ያስነሳል፦ ግዕዝ የአማርኛ እናት ነው ማለት። ቅድም ጽሕምን ከጢም ጋር ሳስተያይ ለዚህ ማስረጃ የሰጠሁ የመሰለው ሰው ይኖራል። አይደለም። እንግሊዛዊው ዳኛ ዊሊያም ጆንስ በ1786 ካልካታ ላይ ስለ ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ሲናገር ትልቁ ነጥቡ መመሳሰላቸው አልነበረም። ከአንድ ምንጭ ወጥተዋል፣ ምንጩም ምናልባት ዛሬ የለም ማለቱ ነው። አንዱ አንጋፋ ስለሆነ ብቻ እናት አይሆንም። ግዕዝም ለአማርኛ እንደ ታላቅ አክስት ነው። የሴም ቋንቋዎች ምሁሩ ሄትዝሮን በ1972 ባወጣው አመዳደብ ግዕዝ ከትግርኛና ከትግረ ጋር በሰሜን ይመደባል፤ አማርኛ ደግሞ ከአርጎብኛ፣ ከሐረሪና ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር በደቡብ።

አንዱን ምልክት በጆሯችሁ መስማት ትችላላችሁ። በአማርኛ «ሰበረ» ስንል በ ይጠብቃል፤ «ይሰብራል» ስንል ይላላል። በግዕዝ ተገላቢጦሽ ነው፦ ሰበረ ይላላል፣ ይሰብር ይጠብቃል። ትግርኛም እንደ ግዕዝ ነው። የአማርኛን የቅርብ እህት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከደብረ ብርሃን ሩቅ መሄድ የለበትም። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ሲወርድ የአርጎባ አገር ነው። ብዙዎቹ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉና፣ አርጎብኛን ከሚያውቁ አዛውንቶች መቅዳት የሚፈልግ ተማሪ ቶሎ ቢሄድ ጥሩ ነው።

አራተኛው አጭር ነው። ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ቋንቋዎቹ ዘመዳም ናቸው ማለት አይቻልም። ጠረጴዛ ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ አማርኛን ግን የግሪክ ዘመድ አያደርገውም። ቃል እንደ ዕቃ ይገዛል። ዝምድና የሚታወቀው በሥርዓት በሚደጋገም ልውውጥና በሰዋስው ነው። ፊደልንም ከቋንቋ ጋር አታምታቱ፤ ኦሮምኛ በላቲን ቢጻፍ በግዕዝ ፊደል ቢጻፍ ያው ኦሮምኛ ነው።

አምስተኛው ታሪኩን ከአውሮፓ መጀመር ነው። የሕንዱ ሰዋስው ሊቅ ፓኒኒ ወደ 4,000 በሚጠጉ ሕጎች ሳንስክሪትን የተነተነው ክርስቶስ ከመወለዱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። ሲበወይህ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዐረብኛን ሰዋስው ሲያደራጅ ራሱ ፋርሳዊ ነበር። የእኛስ ቅኔ ቤት? ስምንቱን የግስ አርእስት፣ ማለትም የግስ እርባታ ናሙናዎችን፣ ቀተለን፣ ቀደሰን፣ ገብረን፣ አእመረን፣ ባረከን፣ ሤመን፣ ብህለን፣ ቆመን የያዘ ተማሪ፣ ሰምቶት የማያውቀውን ግስ «ይህ የቀደሰ ቤት ነው» ብሎ ያረባዋል። ይህ የቋንቋ ንድፈ ሐሳብ ነው። ሰዋስው ማለት መሰላል ማለት እንደሆነም ጻፉ፤ ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው።

የመጨረሻው ስህተት የባለሙያውን ስም ጠርቶ የአስተማሪውን ስም መዝለል ነው። ጀርመናዊው ምሁር ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ ይባላል። እውነት ነው። ግን አማርኛውን ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ በ1652 ጀርመን ጎታ ድረስ ሄደውለት ነበር። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከብ ሰምጦ ሞቱ። ሚስዮናውያኑ ክራፕፍና ኢዘንበርግ በ1839 ወደ ንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ሸዋ መጡ። ክራፕፍ አንኮበር ላይ ኦሮምኛ አጠና፤ ኢዘንበርግ በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ በማግስቱ ዓመት ሰዋስው ለንደን ላይ አሳተመ። ያስተማሯቸው ሰዎች ግን ከተማሪዎቻችን ጽሑፍ ውስጥ የሉም።

ጣልያናዊው ምሁር ጉይዲ በ1901 የአማርኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ሲያወጣም መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ረድተውታል። እኚሁ መምህር የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጀምረው ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አወረሱ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ሰጥተውት ለደስታ ተክለ ወልድ አደራ አሉ። ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ያን ጊዜ የጀመሩትም፣ ያስረከቡትም በሕይወት አልነበሩም።