ፕሪንት ያደረጋችሁት ሥዕል አርት ጆርናል ላይ ሲበላሽ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

በስልክ ወይም በታብሌት የሣላችሁትን ሥዕል ፕሪንት አድርጋችሁ አርት ጆርናል በሚባለው የሥዕል ደብተር ላይ ትለጥፋላችሁ። ዙሪያውን በአክሪሊክ፣ በውሃ ቀለም፣ በእርሳስ ትሠራላችሁ። ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ መሃል ላይ አንድ ነገር ይበላሻል። ቀለሙ ይፈሳል፣ ወረቀቱ ይሸበሸባል፣ ገጾቹ ተጣብቀው አልላቀቅ ይላሉ። ያኔ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው "የቱን ኮላ ልግዛ?" ብሎ ነው። እኔ ግን ከኮላው በፊት ስለ ማተሚያው ጠይቁ እላለሁ። አብዛኛው ችግር የሚነሣው ሥዕሉ ከታተመበት ቀለምና ከታተመበት ወረቀት ነው።

ውሃ ወይም ኮላ ሲነካው ቀለሙ ይፈሳል

ይህ ሥዕል የታተመው በኢንክጄት፣ ማለትም ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ ነው፤ ያውም ዳይ በሚባለው ቀለም። ዳይ ውሃ ውስጥ የሟሟ ቀለም ነው። ደርቆ ከቆየ በኋላ እንኳ ውሃ ሲያገኝ መልሶ ይሟሟል። ሌላው የኢንክጄት ቀለም ፒግመንት ይባላል። እሱ ደቃቅ የቀለም ቅንጣት ስለሆነ ወረቀቱ ላይ አንዴ ከደረቀ በቀላሉ አይነቃነቅም። ሌዘር ማተሚያና ፎቶ ኮፒ ማሽን ደግሞ ፈሳሽ ቀለም የላቸውም። ቶነሩ ፕላስቲክነት ያለው ዱቄት ነው፤ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል። ውሃ አይፈታውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በብዙ ባለታንክ ኢንክጄት ማተሚያዎች ጥቁሩ ፒግመንት ነው፤ ቀዩ፣ ቢጫውና ሰማያዊው ግን ዳይ ናቸው። ስለዚህ ጽሑፉን በእርጥብ ጣት ነክታችሁ "አይለቅም" ብትሉ ልትታለሉ ትችላላችሁ። ሙከራውን በባለቀለሙ ክፍል ላይ አድርጉት። ከሚቆረጠው ጠርዝ ላይ ቀይ ወይም ሰማያዊ ያለበትን ቦታ ምረጡ። ጥጥ ነከር አድርጋችሁ ለጥቂት ሰከንድ ያዙበት፤ ከዚያ ሳትፈትጉ አንሡት። ጥጡ ላይ ቀለም ከወጣ ዳይ ነው።

መፍትሄው ከሁሉም ይልቅ ቀላል የሚሆነው ገና ሳይታተም ነው። ፋይሉን ይዛችሁ ፕሪንት ቤት ሂዱና "ከለር ፕሪንት፣ በሌዘር" በሉ። ሌዘር መሆኑን ጠይቃችሁ አረጋግጡ፤ በኢንክጄት የሚሠሩ ቤቶችም አሉ። ቀድሞ በኢንክጄት የወጣ ሥዕል በእጃችሁ ካለ ደግሞ ከለር ፎቶ ኮፒ አስነሡት። ቅጂው በቶነር ስለሚወጣ ውሃ ይችላል። ቀለሙ ትንሽ ሊለወጥ ይችላል፤ ለደብተር ሥራ ግን ይበቃል።

ቅጂ ማስነሣት ካልተቻለ አክሪሊክ ቫርኒሽ ስፕሬይ ይረዳል። ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ሆናችሁ ከራቅ ብላችሁ ስስ አድርጋችሁ ርጩ፤ ሲደርቅ ድገሙት። አንዴ አወፍራችሁ ብትረጩት ስፕሬዩ ራሱ ቀለሙን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። የፊቱ ብቻ በቂ እንዳይመስላችሁ፤ ከጀርባ የሚቀባ ኮላም ስስ ወረቀት አልፎ ቀለሙ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ለዳይ ፕሪንት ውሃው ጥቂት የሆነውን ስቲክ ኮላ ተጠቀሙ። የፀጉር ስፕሬይ የሚመክሩ አሉ። እኔ አልመክርም፤ እሱ ፀጉር ሲታጠብ በውሃ እንዲለቅ ተብሎ የተሠራ ነገር ነው።

ዳይ ብርሃንም ያገረጣዋል። ደብተሩ ተዘግቶ ከተቀመጠ ብዙም አያስጨንቅም። ገጹን መስኮት አጠገብ ልትሰቅሉት ካሰባችሁ ግን በዳይ አታሳትሙት።

ሲለጠፍ ይሸበሸባል፣ አየር ይይዛል

ወረቀት ውሃ ሲጠጣ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ፕሪንቱና የደብተሩ ገጽ እኩል ካልሰፉ መሸብሸቡ አይቀርም። ፕሪንት ቤት ምንም ካላላችሁ የሚሰጣችሁ የተለመደው 80 ግራም ወረቀት ነው። እሱ ስስ ነው፤ ኮላ ሲነካው ወዲያው ይለሰልሳል። ከ100 እስከ 120 ግራም ያለው ወረቀት ካላቸው እሱን ጠይቁ። ከዚያ በላይ ሲወፍር ደብተሩ አልዘጋ ይላችኋል።

አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ፣ ቪናቪሉ፣ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። ግን እንዲበረክት ብላችሁ ውሃ አትጨምሩበት። የሚያሸበሽበው ውሃው ነው። ኮላውን በፕሪንቱ ላይ ሳይሆን በደብተሩ ገጽ ላይ ቀቡ፤ ጠንካራ ብሩሽ ወይም የካርቶን ቁራጭ ይዛችሁ ወረቀቱ በስሱ እስኪታይ ድረስ ግፉት። ከዚያ ሥዕሉን ከአንድ ጠርዝ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አስተኙት። ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከመሃል ወደ ዳር አየሩን አስወጡ። በጠርዙ ብቅ ያለውን ኮላ ወዲያው ጥረጉ፤ ከደረቀ በኋላ የውሃ ቀለም አይቀበልም፣ ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻ ከላይም ከታችም የማይጣበቅ ወረቀት፣ ለዳቦ መጋገሪያ የሚነጠፈውን ዓይነት፣ አድርጋችሁ ከባድ መጻሕፍት ጫኑበትና አሳድሩት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ገጹ ከተጣመመ የወረቀቱን አቅጣጫ ተመልከቱ። የፋብሪካ ወረቀት ቃጫው በአብዛኛው ወደ አንድ ወገን ነው የሚተኛው። ሳታጥፉት በቁመቱ ከዚያም በወርዱ ጎበጥ አድርጋችሁ ሞክሩት። በቀላሉ በሚጎብጥበት በኩል የጉብታው መስመር ከደብተሩ ስፌት ጋር ትይዩ እንዲሆን አድርጋችሁ ለጥፉት።

የደረቀ የአየር ጉብታ በምላጭ ጫፍ ትንሽ ይሰነጠቅና በመርፌ ወይም በጥርስ መጎርጎሪያ ኮላ ገብቶበት ይጫናል።

ሥዕሉ ደብዝዞ ወይም ተቆራርጦ ይወጣል

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ፋይሉ የተላከበት መንገድ ነው። ለፕሪንት ቤቱ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስትልኩ መተግበሪያው ሥዕሉን ያሳንሰዋል። በተለመደው አላላክ ረዥሙ ጎን 1280 ፒክስል ላይ ይወርዳል። ጥርት ላለ ሕትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል ብንል፣ 1280 ፒክስል የሚበቃው ለ11 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሙሉ ኤ4 ግን 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል። ስለዚህ "ፋይል" የሚለውን መርጣችሁ ላኩ፤ ወይም በፍላሽ ውሰዱት።

የራሳችሁ ሥዕል ከሌላችሁ ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን ትንሽ ምስል ከመጎተት ሙዚየሞች የለቀቁትን ፈልጉ። ኒውዮርክ የሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ምስል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ ለማንም በነፃ ክፍት አድርጓል። እዚያ ውስጥ ከ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 15ኛው መጀመሪያ ባለው ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ ባለሥዕል ወንጌል አለ። የብራና መጽሐፍ ላይ መቀስ አይነሣም። የምስሉን ቅጂ ግን ያለ ስጋት ቆርጣችሁ ልትማሩበት ትችላላችሁ፤ ለእኔ የዲጂታል ምስል ትልቁ ጸጋ ይህ ነው።

ስክሪን ላይ ከታየው ይልቅ ጠቁሮ ይወጣል

ስክሪን የራሱ ብርሃን አለው፣ ወረቀት የለውም። ከማሳተማችሁ በፊት የሥዕሉን ብርሃን ትንሽ ጨምሩት። የሚያንጸባርቅ አረንጓዴና ደማቅ ሰማያዊ በማተሚያ ቀለም ሙሉ በሙሉ አይገኙም፤ እነዚያን በኋላ በእጅ በአክሪሊክ ጨምሩባቸው። ብዙ ገጽ ከማሳተማችሁ በፊት ትናንሽ ቅጂዎችን በአንድ ኤ4 ላይ አሰልፋችሁ፣ እያንዳንዱን በተለያየ የብርሃን መጠን አስወጡና ምረጡ።

በላዩ የተቀባው አክሪሊክ ይላጣል፣ እርሳስም አይጽፍም

ወረቀቱ የሚያብለጨልጭ ፎቶ ፔፐር ነው፤ ወይም የሌዘሩ ቶነር ወፍራም ሆኖ ተቀምጧል። ለስላሳ ገጽ ቀለም አይዝም። ግልጽ ጄሶ (የግንባታው ሳይሆን ቀለም እንዲይዝ ከሥር የሚቀባው የሠዓሊ ቅብ) ወይም ማት ሚዲየም (የማያብለጨልጭ ግልጽ የአክሪሊክ ቅብ) አንድ ዙር ቀቡበትና አድርቁ፤ ከዚያ በኋላ እርሳሱም ቀለሙም ይይዛል። ፎቶ ፔፐር ከሆነ መጀመሪያ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ አስኪዱበት። እንዲያውም ለደብተር ፎቶ ፔፐር ባትጠቀሙ እመርጣለሁ፤ ይወፍራል፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል።

ሥዕሉ ከገጹ ጋር አልዋሃድ ይላል

ይህ የቴክኒክ ጉድለት አይመስልም፤ ግን ገጹን ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እሱ ነው። ምክንያቱ ጠርዙ ነው። በመቀስ ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ ነጭ ጠርዝ ዓይንን ያስቆማል።

በእጅ ቅደዱት። ወረቀት ሲቀደድ ከሁለቱ ቁራጭ አንዱ ነጭ ጠርዝ ይይዛል፣ ሌላው አይይዝም። ነጩ ሥዕላችሁ ላይ ከመጣ በሌላኛው እጅ ወደ ተቃራኒው ወገን ሳቡት። ከመለጠፋችሁ በፊት ከጀርባ በኩል ጠርዙን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አሳሱት፤ በጣት ሲዳሰስ ደረጃው እንዳይታወቅ። ከተለጠፈ በኋላ ከሥዕሉ ውስጥ አንድ ቀለም ምረጡና ያንኑ ቀለም በአክሪሊክ አዘጋጅታችሁ ከሥዕሉ ወደ ገጹ ሳቡት።

ሐረግ፣ ማለትም በብራና መጻሕፍት ላይ የሚሣለው የተጠላለፈ ጌጥ፣ ያለበትን ገጽ ካሳተማችሁ ይህ ጎልቶ ይታያል። ሐረጉ ወረቀቱ ባለቀበት አይቁም። መስመሩን በቀይና በጥቁር ቀለም በእጃችሁ ቀጥሉት፤ እጥፉን፣ ጠለፋውን እየተከተላችሁ ገጹ ጥግ ድረስ አድርሱት። እጃችሁ እንደ ማሽኑ ቀጥ አይልም፣ ቀጥ እንዲልም አያስፈልግም። የታተመውና የተሣለው የት ላይ እንደሚለያዩ የሚጠፋው በዚህ ነው። ሥዕሉን እንዳለ ለጥፎ ዙሪያውን በጌጥ ከመሙላት ይህ በጣም ይሻላል።

ደብተሩ ሲዘጋ ገጾቹ ይጣበቃሉ

አክሪሊክ ከደረቀም በኋላ ትንሽ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ሙቀትና ክብደት ሲያገኝ ከትይዩው ገጽ ጋር ይያያዛል። የሚያብለጨልጭ ሚዲየም ከማቱ የባሰ ይጣበቃል። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ማድረቂያው ጊዜም ይረዝማል፤ ላዩ የደረቀ ይመስልና ውስጡ አይደርቅም። በፎን ማሞቅ ላዩን ያደርቃል እንጂ ወፍራም ቀለም ውስጥ አይደርስም። ደብተሩን ገልጣችሁ ለጥቂት ቀናት ተዉት። የመጨረሻውን ሽፋን ማት አድርጉ። ነጭ ሻማ በገጹ ላይ በስሱ አሻሽታችሁ በጨርቅ መወልወልም ይረዳል፤ ሰም ከተቀባ በኋላ ግን ሌላ ቀለም ስለማይዝ ሥራው ማለቁን አረጋግጡ። አሁን የተጣበቁትን በኃይል አትገንጥሉ። ደብተሩ ሲቀዘቅዝ አክሪሊኩ ይጠነክራል። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ ከዚያ ስስ ቢላ በመሃሉ አስገብታችሁ አላቁት።

ትራንስፈር ሲሠራ ሥዕሉ አይያዝም ወይም ነጭ ጭጋግ ይለብሳል

ትራንስፈር ሥዕሉን ከወረቀቱ ወደ ገጹ ማስተላለፍ ነው። ገጹ ላይ አክሪሊክ ጄል (ወፍራም ግልጽ የአክሪሊክ ቅብ) ቀብታችሁ ፕሪንቱን በፊቱ ደፍታችሁ፣ ሲደርቅ ወረቀቱን በውሃ ፈትጋችሁ ስታነሡ ቶነሩ ብቻ ይቀራል። በዚህ ዘዴ የሚሠራው የሌዘር ፕሪንት ነው። ኢንክጄት ከሆነ ቀለሙ ከውሃው ጋር ይሄዳል።

ሥዕሉ በየቦታው ተቦድሶ ከወጣ ጄሉ አልደረቀም ወይም እኩል አልተቀባም። ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ነጭ ጭጋግ ካለበት ደግሞ የወረቀት ቃጫ ቀርቶበታል። እርጥብ ሳለ አይታይም፣ ሲደርቅ ይመጣል። መልሳችሁ አርጥቡና በጣት ጫፍ ቀስ እያላችሁ ፈትጉ፤ በጥፍር አይሁን። ሁለት ሦስት ዙር ሊፈልግ ይችላል። የመጨረሻው ስስ ጭጋግ ሚዲየም ሲቀባበት ይጠፋል።

ሥዕሉ ላይ ፊደል ካለ ትራንስፈሩ ግራና ቀኙን ገልብጦ ነው የሚያወጣው። ከማሳተማችሁ በፊት በስልካችሁ የፎቶ ማስተካከያ ሥዕሉን በአግድም ገልብጡት፤ ያኔ ገጹ ላይ ጽሑፉ ቀና ብሎ ይነበባል።