ቱ-ፎር-ዲ ከመርጨት በፊት አየሩን ማንበብ

ጤፍ ወይም ስንዴ ላይ የተረጨ ቱ-ፎር-ዲ (ቅጠለ ሰፊ አረም የሚያጠፋ ኬሚካል) የጎረቤትን ባቄላ ሲያጣምም ጥፋቱ የሚጫነው በነፋስ ላይ ነው። ኃይለኛ ነፋስማ ሁሉም ያየዋል፤ መርጫውን ያስቀምጣል። የሚያታልለው ቅጠል የማይነቃነቅበት ማለዳ ነው።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ይለቃል። ከመሬት የተጠጋው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፤ ሞቅ ያለው ከላዩ ይቀራል። ከባዱ ከታች ስለተኛ አየሩ አይደባለቅም። ኢንቨርሽን የሚባለው ይህ ነው። ያን ሰዓት ደቃቁ ጠብታ እንደ ጭጋግ ይንሳፈፍና ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ሲፈስ አብሮት ረባዳው ማሳ ይገባል። ነሐሴ ላይ ደመና ባደረበት ጠዋት ይህ ይቀንሳል።

መለያው ቀላል ነው። ከኬሚካሉ ራቅ ብላችሁ በማሳው ዳር ጥቂት እርጥብ ሣር አጭሱ። ጭሱ ትንሽ ወጥቶ እንደ አንሶላ ከተዘረጋ አትርጩ። ወደ አንድ አቅጣጫ ዘንበል ብሎ እየሰፋ ከሄደ ጊዜው ነው። ቀጥ ብሎ ተነስቶ ወዲያና ወዲህ ከተበጣጠሰ የመርጨት ጊዜው አልፏል።

በቁጥር ማረጋገጥ የሚፈልግ ሁለት ቴርሞሜትር በአንድ እንጨት ላይ ይሰር፤ አንዱን ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላውን 2 ሜትር ተኩል ላይ። ሁለቱም ጥላ ይኑራቸው፤ ፀሐይ በቀጥታ ካገኛቸው ንባቡ ከንቱ ነው። መጀመሪያ ጎን ለጎን አስቀምጦ እኩል ማንበባቸውን ማየት ያስፈልጋል። ከ10 ደቂቃ በኋላ የላይኛው ከታችኛው ከሞቀ ኢንቨርሽኑ ገና አልፈረሰም።

ጥርት ባለ ቀን ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ነፋሱ ፊት ላይ ሲሰማ፣ ቅጠል ሲንሾካሾክ፣ በሰዓት ከ6 እስከ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሥራው የሚፈለገውም ይኸው ነው። ቅጠልና ጭራሮ ያለማቋረጥ ሲወዛወዝ ግን በዝቷል።

ቀትር ላይ ሌላ ጣጣ አለ። የጋለው መሬት ከላዩ ያለውን አየር እየቆራረጠ ወደ ላይ ይሰዳል፤ በቦታው ሌላ አየር ከላይ ይወርዳል። ነፋሱ ፀጥ ይልና ድንገት ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። በጭራሮ ጫፍ ላይ የፌስታል ቁራጭ አስራችሁ ለሁለት ደቂቃ ተመልከቱ፤ አቅጣጫው እየተገለባበጠ ከሆነ ወይም ሜዳው ላይ አዋራ እየተሽከረከረ ከተነሳ አቁሙ።

ከሁሉም ይበልጥ ወሳኙ የጠብታው መጠን ነው። 100 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሆነ ጠብታ በሰከንድ ሩብ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከ50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ መሬት እስኪደርስ 2 ሰከንድ ይፈጅበታል። በሰከንድ 2 ሜትር በሚጓዝ ነፋስ 4 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። 20 ማይክሮን የሆነው ግን 40 ሰከንድ ያህል አየር ላይ ይቆያል፤ በዚያው ነፋስ 80 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ እጀታውን አብዝታችሁ አትምቱ፤ ግፊት ሲበዛ ጠብታው ይደቃል። ኖዝሉን (ፈሳሹ የሚወጣበትን የመርጫውን አፍ) ከአረሙ በላይ 50 ሴንቲ ሜትር ያዙት፤ ክንድ ሲዝል ወደ ላይ መነሳቱ አይቀርምና አስተውሉ። ነፋሱ ከሚሄድበት ዳር ጀምሩ፤ መስመሩን ለነፋሱ አግድም እየሄዳችሁ ወደሚመጣበት ዳር ግፉ። ያኔ የረጫችሁት በራሳችሁ ላይ አይመለስም።

ማታ ኢንቨርሽኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ መሠራት ይጀምራል። የተበጠበጠ ኬሚካል ማሳደር ስለማያስፈልግ ከ10 ሰዓት በኋላ አዲስ አትበጥብጡ።