የዝላይ ስህተትን ወደ ኋላ መፈለግ፦ ለኮሌጅ የዝላይ አሰልጣኞች ችግርና መፍትሄ

የዝላይ ስህተት አየር ላይ ይታያል፤ የሚሠራው ግን መሬት ላይ ነው። እግር ከመሬት ከለቀቀ በኋላ ሰውነት የሚሄድበት መንገድ ተወስኗል፤ እጅ ማወናጨፍም ሆነ አየር ላይ መራመድ ሚዛን ከመጠበቅ ያለፈ አይፈይድም። ስለዚህ ችግሩን ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ፈልጉት፦ ካረፈበት ወደ ተነሳበት፣ ከተነሳበት ወደ መጨረሻዎቹ ሁለት ርምጃዎች፣ ከዚያ ወደ መንደርደሪያው መጀመሪያ።

መንደርደሪያችሁ አፈር ከሆነ ጥሩ መሣሪያ በእጃችሁ አለ። ከእያንዳንዱ ዝላይ በፊት የመጨረሻውን 10 ሜትር በመጥረጊያ አለስልሱት። ዘላዩ ሲያልፍ ተረከዝ የቆፈረው ጉድጓድ፣ ወደ ውጭ የዞረ ጣት፣ ከመስመር ያፈነገጠ ርምጃ ሁሉም አሻራውን ጥሎ ይቀራል። ታርታን (ሰው ሠራሽ የጎማ መሮጫ) ላይ ይህን ለማየት ቪዲዮ ያስፈልጋል፤ አፈር ላይ ሜትር ይዞ ማጎንበስ ይበቃል።

ዘላዩ ረግጦ የሚነሳበት ጣውላ አልገጥም አለ፦ አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ሳይደርስ ይነሳል

መንደርደር የሚጀምርበትን ምልክት ወዲያ ወዲህ ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ስህተቱ ቋሚ ነው ወይስ የተበታተነ የሚለውን ለዩ። ዘላዩ ስድስት ጊዜ ሙሉ ይንደርደር፤ ባይዘልም ግድ የለም። በእያንዳንዱ ጊዜ ከጫማው ጫፍ እስከ ጣውላው ጠርዝ ለክታችሁ ጻፉ። ስድስቱም ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ካለፉ መንደርደሩ ጤነኛ ነው፤ የመነሻ ምልክቱን በዚያው መጠን ወደ ኋላ መውሰድ ይበቃል። አንዱ 20 አልፎ ሌላው 35 ከጎደለ ግን ምልክት ማንቀሳቀስ ከንቱ ድካም ነው። መንስኤው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በመጀመሪያዎቹ አራት ርምጃዎች ውስጥ ነው፦ አንድ ቀን ቆሞ ይነሳል፣ ሌላ ቀን እየተራመደ፣ አንዳንዴም እየዘለለ ይገባል። አነሳሱን አንድ አድርጉለት። ሁለቱ እግሮች በአንድ ቦታ፣ ሁልጊዜ ያው እግር ፊት፣ ያው የመጀመሪያ ርምጃ።

ቀጥሎ ከጣውላው ስድስት ርምጃ መልስ፣ ማለትም ከ12 እስከ 13 ሜትር አካባቢ፣ እናንተ ብቻ የምታዩት ምልክት አኑሩ። ዘላዩ ያንን እየረገጠ ጣውላውን ከሳተ ችግሩ መጨረሻ ላይ ነው። ያንንም ከሳተ መጀመሪያ ላይ ነው። ይህቺ አንዲት ምልክት የብዙ ሳምንት ግምት ታስቀራለች።

አዲስ መንደርደሪያ ስትሠሩ ከአሸዋው ራቁ። ጣውላ በሌለበት ሜዳ ላይ 16 ርምጃ በሙሉ ፍጥነት ይሩጥና 16ኛው ያረፈበትን ምልክት አድርጉ። በሁለት ቀን ስድስት ጊዜ ይደገም፤ ረጅሙንና አጭሩን ጥላችሁ የቀሩትን አማካይ ውሰዱ። ለጀማሪ ከ12 እስከ 14 ርምጃ፣ ለሠለጠነ ከ16 እስከ 18 ይበቃዋል። ፍጥነቱ 30 ሜትር ላይ የሚያበቃ ወጣት 40 ሜትር ቢንደርደር ትርፉ ድካም ነው። ሲጨመርም በሁለት በሁለት ርምጃ ይሁን፤ አለዚያ የመነሻ እግሩ ይቀየርበታል።

አሁን የመጨረሻ ሦስት ርምጃዎችን አሻራ ለኩ። 2.10፣ 2.25፣ 2.00 ሜትር የመሰለ ቅደም ተከተል ጥሩ ነው፦ ከመጨረሻው በፊት ያለው ይረዝማል፣ የመጨረሻው ያጥራል። የመጨረሻው 2.35 ከሆነና አሻራው ላይ የተረከዝ ጉድጓድ ካለ ዘላዩ ለጣውላው ተንጠራርቷል። እግሩ ከሰውነቱ ቀድሞ ስላረፈ ፍሬን ሆኖበታል። በተቃራኒው ርምጃዎቹ 1.80፣ 1.75፣ 1.70 እያሉ ከወረዱ የመንደርደሪያው መነሻ በጣም ቀርቦታል፣ ወይም ጣውላውን ፈርቶ ርምጃውን እየቆራረጠ ነው።

ሁለቱንም የሚያባብሰው ዓይን ነው። ጥሩ ዘላዮችም በመጨረሻዎቹ ጥቂት ርምጃዎች በዓይን ያስተካክላሉ፤ ጭንቅላት ደፍቶ ጣውላ ማፍጠጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ለሁለት ሳምንት ጣውላውን ተዉት። በኖራ 1 ሜትር ስፋት ያለው ቀጠና አስምሩና ርቀቱን ከጫማው ጫፍ ለኩ። ዓይኑ ከአሸዋው ማዶ ባለ ዛፍ ወይም ተራራ ላይ ይሁን፤ ደሴ ላይ ተራራ አይጠፋም። ከዚያ ቀጠናውን ወደ 60፣ ወደ 40፣ በመጨረሻም ወደ ጣውላው 20 ሳንቲሜትር አጥብቡ። በሩጫው መሃል «ጣውላውን!» ብሎ መጮህ ይቅር። ልጁ ቀና ይል የነበረውን አንገት የሚደፋው በዚያ ጩኸት ነው።

ሕጉንም አስታውሱ፦ ከኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥፋት የሚባለው የጫማው ጫፍ ከመነሻ መስመሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ምናባዊ ግድግዳ ሲያልፍ ነው፤ መሬት መንካት አይጠበቅም። ልምምድ ላይ «ትንሽ ነው» ብሎ ማለፍ ውድድር ላይ ያስከፍላል።

ፍጥነት ይዞ ይመጣል፣ ግን አይነሳም

ዝላዩ ዝቅ ብሎ ሩጫ ይመስላል። ብዙ አሰልጣኝ እዚህ ጋ «ከፍ በል» ይላል፤ ልጁም ወደ ኋላ ተንጋሎ ፍጥነቱን ይገድላል። በርዝመት ዝላይ የምርጦቹ የመነሻ ማዕዘን ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ከፍታው የሚገኘው ከመንጋለል ሳይሆን ከመጨረሻው በፊት ባለው ርምጃ ዳሌ በትንሹ ዝቅ ከማለቱ ነው። በዚያ ርምጃ እግሩ በሙሉ መዳፉ ይረፍ፣ የመጨረሻው ፈጥኖ ይከተል፣ ነፃው ጉልበት እስከ ዳሌ ከፍታ ይምጣ። ለማስለመድ የመነሻው ቦታ ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ጠንካራ የእንጨት መድረክ አስቀምጡ፤ ከስድስት ርምጃ እየተንደረደረ ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ይዝለል። መድረኩ ሊንሸራተት እንደማይችል በእግራችሁ ገፍታችሁ ሳታረጋግጡ ማንንም አታስነሱ።

አየር ላይ ወደ ፊት ይደፋል፣ እግሩ ቶሎ አሸዋ ይነካል

ሮጦ የሚነሳ ሰው ሁሉ ወደ ፊት የመሽከርከር ኃይል ይዞ ነው የሚነሳው፤ ይህ ጥፋት አይደለም። ሲነሳ ደረቱን ከደፋ ወይም አሸዋውን ካየ ግን ይብስበታል። አገጭ ደልደል፣ ደረት ቀና ብሎ ይነሳ። 6 ሜትር ላልደረሰ ዘላይ አየር ላይ መራመድ ማስተማር ጊዜ መፍጀት ነው፤ ሰውነትን ዘርግቶ መንጠልጠል ይበቃዋል።

ለማረፍ፦ ቆሞ ሲዘል ከሚደርስበት 20 ሳንቲሜትር አልፎ አሸዋው ላይ ገመድ ዘርጉ። ተረከዙ ገመዱን ሲያልፍ ጉልበቱ ይታጠፍ፣ ዳሌው ወደ ተረከዙ ቀዳዳ ይንሸራተት። እጁን ከኋላ የሚጥል ልጅ የሚለካለት ከእጁ ነው፤ አንድ መዳፍ 40 ሳንቲሜትር ልትበላ ትችላለች።

ስሉስ ዝላይ፦ ሁለተኛው ይሞታል

ስሉስ ዝላይ ሦስት ክፍል አለው፦ ሆፕ (በተነሱበት እግር መልሶ ማረፍ)፣ ስቴፕ (በሌላው እግር ማረፍ)፣ ጃምፕ (አሸዋው ላይ ማረፍ)። ሆፑ ያምራል፣ ስቴፑ ላይ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ጃምፑ የተረፈውን ይወስዳል። ሰው ሁሉ ስቴፑን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የሆፑ ነው። በጣም ከፍ ብሎ የወረደ ሰው ያንን ክብደት በአንድ እግር ተሸክሞ መልሶ መነሳት አይችልም።

ሦስቱንም ለዩና ለኩ። ለተማሪ ሆፕ 35፣ ስቴፕ 30፣ ጃምፕ 35 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው። 13 ሜትር የሚዘል ልጅ 5.10፣ 3.20፣ 4.70 ካሳየ ስቴፑ ከ25 በመቶ በታች ወርዷል። ዒላማው 4.55፣ 3.90፣ 4.55 ነው። ለመጀመር ሆፑን 4.70 ላይ በኖራ መስመር ገድቡት፤ ከመስመሩ አያልፍም። ርቀቱ በመጀመሪያው ሳምንት ሊቀንስ ይችላል፣ አትደንግጡ። እግሩ ሲያርፍ ከሰውነቱ ብዙ ሳይቀድም በመዳፉ ሙሉ ወደ ኋላ እየጎተተ ይርገጥ፤ በጣቱ ጫፍ የሚያርፍ ዘላይ ቁርጭምጭሚቱን ይጎዳል። በአንድ ልምምድ የጀማሪ የእግር ንክኪ (ሲዘል እግሩ መሬት የሚረግጥበት ብዛት) ከ60 እስከ 80 ይብቃ፤ በሁለት ከባድ የዝላይ ቀናት መካከልም ቢያንስ 48 ሰዓት ይለፍ።

የውድድር ጣውላ ለወንዶች በአብዛኛው ከአሸዋው 13፣ ለሴቶች 11 ሜትር ላይ ነው። እዚያ የማይደርስ ተማሪ ጠርዙ ላይ እንዳያርፍ 9 ወይም 7 ሜትር ላይ መነሻ ቀቡለት።

ከፍታ ዝላይ፦ ዘንጉ ይወድቃል፣ ግን በምን?

ዘንጉን የነካው የትኛው አካል እንደሆነና ሲወጣ ነው ወይስ ሲወርድ የሚለውን ጠይቁ። ሲወጣ በትከሻ ወይም በጀርባ ከነካ የተነሳው ቀርቦ ነው። ከፍታውን ከዘንጉ በፊት ጨርሶ ሲወርድ በመቀመጫው ከነካ ርቆ ነው። ሁለቱም የሚስተካከሉት ምልክቶቹን ሁሉ በአንድ ላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር በማንቀሳቀስ ነው። መነሻው ከዘንጉ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ።

መነሻው ልክ ሆኖ ዘንጉ ላይ በጎኑ ከተጋደመ፣ ክቡን ቆርጦታል ማለት ነው። ከስምንት እስከ አሥር ርምጃ ካለው መንደርደሪያ የመጨረሻዎቹ አራት ወይም አምስቱ በክብ ላይ መሆን አለባቸው፤ ሰውነቱም ከዘንጉ ተቃራኒ ወደ ክቡ መሃል ያዘነብላል። አፈሩ ላይ ክቡን በኖራ ሥሩለትና አሻራውን አወዳድሩ። የመጨረሻው አሻራ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ከገባ ምክንያቱን አገኛችሁት።

አንድ ነገር ግን አይታለፍ፦ ደህና ፍራሽ በሌለበት በጀርባ መዝለል አይፈቀድ። አሸዋ ላይ፣ በተደራረበ የመኝታ ፍራሽ ላይ፣ መሃሉ በተከፈተ ስፖንጅ ላይ በጀርባ ማረፍ አንገት ይሰብራል። ፍራሹ እስኪገኝ በመቀስ አዘላለል በእግር እያረፉ መንደርደሩን መማር ይቻላል።

አሸዋው ደንድኗል

ደሴ በክረምት ጎርፍ አፈር ይዞ ይገባል፣ በበልግ ዝናብም እንዲሁ፤ ሲደርቅ ይጋገራል። ከየልምምዱ በፊት እስከ 30 ሳንቲሜትር በአካፋ ገልብጡና ከጣውላው ጋር እኩል አድርጋችሁ ደልድሉ። የታጠበ የወንዝ አሸዋ በወንፊት አሳልፉ፤ ጠጠርና ጠርሙስ ስባሪ የሚገኘው በዚያ ነው። ርዝመቱ 9፣ ስፋቱ 2.75፣ ጥልቀቱ 0.40 ሜትር ለሆነ ጉድጓድ 10 ሜትር ኩብ ገደማ ያስፈልጋል። ከሥሩ ውኃ የሚያሳልፍ ጠጠር ይነጠፍ፣ ማታ በሸራ ይሸፈን። ባቲና ከሚሴ ደግሞ አሸዋው ደርቆ ይበናል፤ ማለዳ ውኃ አጠጡት፤ እርጥብ ሲሆን ለመለካትም ይመቻል።

ጣውላው ዙሪያ ያለው አፈር ቶሎ ይበላል። 1 ሳንቲሜትር እንኳ ከጎደለ ተረከዝ ይመታል፤ በየቀኑ ሞልታችሁ ጠቅጥቁ።

ደሴ የሠራው ምልክት ኮምቦልቻ አይሠራም

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። የሞቀ ጡንቻ ርምጃን ያስረዝማል፤ ታርታን ደግሞ ከአፈር ይበልጥ ይገፋል። አዲስ ቦታ ሁለት ሙሉ መንደርደር ሳታስሩ የቤት ምልክታችሁን አትመኑ። ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ የመንደርደሪያውን መነሻ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ወደ ጣውላው አቅርቡ፤ ከኋላ ከገፋ አርቁ። ደሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ማሟሟቂያው 35 ደቂቃ ይድረስ፤ አየሩ ስስ ስለሆነም ከአንድ የ30 ሜትር ሙሉ ሩጫ በኋላ 4 ደቂቃ ዕረፍት ስጡ።

ወቅቱ ሲገፋ እግሩ ይከብዳል

አገራችን የረጅም ርቀት አገር ናትና ዘላዩም ማለዳ 10 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ ይታዘዛል። ይህ ልማድ ዘላይ ያጠፋል፤ ፈጣን ጡንቻን ያደክማል፣ ቅልጥምን ያሳምማል። በምትኩ 4 ጊዜ 30 ሜትር፣ ኮረብታ ላይ 6 ጊዜ 20 ሜትር፣ ክብደትና ዝላይ ስጡት። ሰኞ ሰኞ ቆሞ ሲዘል ለኩ፤ 2.50 የነበረው 2.38 ከሆነ የዚያን ሳምንት ሥራ በግማሽ ቀንሱ።

ጾምንም በዕቅድ ያዙ። በአንድ ቡድን ውስጥ ዓቢይ ጾም የያዘና ረመዳን የያዘ ይኖራል። ከቀኑ 9 ሰዓት ለሚበላው ልምምዱን 11 ሰዓት ተኩል ላይ አድርጉ። በረመዳን ከባዱ ዝላይ ካፈጠሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ካልተቻለ ከማፍጠሪያው በፊት ባለው ሰዓት ቴክኒክ ብቻ፣ የእግር ንክኪውም በግማሽ። በሶ፣ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ በቂ ምግብ ናቸው፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ መጠኑ ነው።

ሕመም

ከጉልበት ሎሚ በታች የሚያም ከሆነ ዝላዩን አቁማችሁ ጀርባን ግድግዳ አስደግፎ ጉልበት አጥፎ መቀመጥ፣ 45 ሰከንድ፣ 5 ጊዜ፣ በየቀኑ። ተረከዝ ከተመታ ሩጫ ይቅር፣ ጣውላውና አሸዋው ይፈተሽ። የታፋ የኋላ ጡንቻ ድንገት ከተወጋ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ወጌሻ እንዳያሸው፤ መታሸቱ መድማቱን ያብሳል። ጨርቅ ላይ ጠቅልሎ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ፣ ዕረፍት፣ ያለ ሕመም እስኪራመድ ድረስ። ሕመሙ ሁለት ሳምንት ካለፈ ወይም ማታ ከቀሰቀሰው ወደ ሆስፒታል ላኩት።

የተመለሰ ዘላይ የድሮ ምልክቱ ላይ አይቁም። ከስድስት ርምጃ ይጀምር፣ በሳምንት ሁለት ርምጃ ይጨመርለት፣ 16 ሲደርስ ስድስቱ ልኬት እንደገና ይወሰድ።