የእንጀራ ንግድዎ ትርፍ የት እንደሚገባ ለማወቅ

ሐዋሳ ላይ እንጀራ ጋግሮ ማስረከብ በአብዛኛው የሴት ሥራ ነው፤ የብረትና የእንጨት ሥራው የወንድ። የሴቷ ንግድ ሳያድግ ሲቀር ብዙ ሰው "ሴት ስለሆነች ነው" ይላል። ስህተት ነው። የገባችበት ሥራ ሻጭ የበዛበት ነው፤ ለብድር የሚያዘው ቤትም ብዙ ጊዜ በስሟ አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የንግዱና የቤቱ ገንዘብ በአንድ መቀነት መቋጠሩ ነው። ይህን ማስተካከል በእጅዎ ነው።

አስቀድመው የአንዱን እንጀራ ወጪ ይወቁ። 10 ኪሎ ዱቄት አቡክተው የወጣውን ሁሉ ይቁጠሩ፤ የተቀደደውንና ዓይን ያላወጣውን ለብቻ ያድርጉ። የጤፉን፣ የወፍጮውን፣ የውሃውንና የማድረሻውን ወጪ ይደምሩ። ለመብራቱ ቆጣሪውን ከመጋገርዎ በፊትና በኋላ ያንብቡ፤ 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ በሙሉ ጉልበቱ 4 ሰዓት ቢሠራ 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። ድምሩን ለሽያጭ በበቃው ብቻ ያካፍሉ። የተበላሸውን ከጨመሩ ወጪው ያነሰ ይመስልና በኪሳራ ይሸጣሉ።

የራስዎን ጉልበትም ይቁጠሩ። ለጋጋሪ ቢከፍሉ የሚከፍሉትን ያህል በየወሩ ወጪ ብለው ይጻፉ፤ ልጅዎም የምታግዝ ከሆነ የእሷንም። ያለዚያ ትርፍ የመሰለዎት የራስዎ ደመወዝ ነው።

ከዚያ የቤት ፍጆታው። በቀን 200 የምትጋግር ሴት 12 እንጀራ ለቤት ብታወጣ በ30 ቀን 360 ይሆናል፤ ሁለት ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሥራ ማለት ነው። ቤተሰብ ይብላ፣ ማን ይከለክላል! ግን በመሸጫ ዋጋው ይመዝገብ። ለንግዱ የተለየ የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ፤ ለቤት የሚወስዱትን በሳምንት አንዴ፣ በተወሰነ ልክ ብቻ ያውጡ። እቁብም ከትርፍ እንጂ ከጤፍ መግዣው አይጣል። መግዣው ከተነካ በኩንታል ይገዙ የነበረውን በኪሎ መግዛት ይመጣል፤ እንጀራው ያው ሆኖ ወጪው ይጨምራል።

ዱቤም እንዲሁ ነው። ምግብ ቤቶችና ደመወዝ የሚጠብቁ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ጥሩ ደንበኞች ናቸው፤ ነገር ግን ውጭ ያለው ዱቤ ተደምሮ የሚቀጥለውን ዙር ጤፍ መግዣ መንካት የለበትም።

ብድር ሲጠይቁ የ6 ወር መዝገብ ይዘው ይሂዱ። ካርታ ባይኖርዎትም በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ተንቀሳቃሽ ንብረት በዋስትና ሊያዝ ስለሚችል አበዳሪው ምን እንደሚቀበል በግልጽ ይጠይቁ። ለዚህም ምጣድም ሆነ ማቡኪያ ሲገዙ ደረሰኙ በእርስዎ ስም ይቆረጥ።