ባለ100ውን ሌንስ በዘይት ስታዩ

የወባ ስላይድ ስታዩ ምስሉ ከደበዘዘባችሁ፣ ማይክሮስኮፑ ተበላሸ ከማለታችሁ በፊት ዘይቱን ተመልከቱ። ባለ100 ኦብጀክቲቭ (ስላይዱ በኩል ያለው፣ 100 ጊዜ የሚያጎላው ሌንስ) የተሠራው በዘይት እንዲያይ ነው። ብርሃን ከመስታወት ወጥቶ አየር ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል፣ ብዙው ሌንሱ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። የኢመርሽን ዘይት ግን ብርሃንን የሚያጥፈው ከመስታወት ጋር ተቀራራቢ በሆነ መጠን፣ ወደ 1.515 ገደማ ስለሆነ፣ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ይገባል። የምግብ ዘይት አይተካውም፣ እባካችሁ አትሞክሩት።

ስላይዱ በደንብ ይድረቅ። በባለ10 ፎከስ አድርጉና ጊምሳው (የደሙ ማቅለሚያ) ጥሩ የያዘበትን ቦታ ፈልጉ። ከዚያ ሌንሱን ወደ ጎን አዙራችሁ ብርሃኑ ያረፈበት ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ አድርጉ። አንድ ይበቃል። የማንጠብጠቢያው ጫፍ ስላይዱን አይንካ፣ የአንዱን በሽተኛ ደም ወደ ሌላው ስላይድ ሊያሻግር ይችላል። አሁን ዓይናችሁን ከማይክሮስኮፑ አንስታችሁ፣ ከጎን እያያችሁ ባለ100ውን ቀስ አድርጋችሁ አምጡ። በሌንሱና በስላይዱ መካከል ያለው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 ሚሊሜትር አይበልጥም፣ ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሚነካው ትንሹ የፎከስ ማስተካከያ ብቻ ነው። ኮንደንሰሩን (ከስላይዱ በታች ብርሃን የሚሰበስበውን ሌንስ) ወደ ላይ አውጡ፣ ዲያፍራሙን (የብርሃን መክፈቻውን) ክፈቱ።

ሁሉ ነገር ከተስተካከለ ፋልሲፓረም (አንዱ የወባ ተሕዋስ ዓይነት) ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ነጥብ። ቀዩ ነጥብ ብቻውን ከሆነ የቀለም ዝቃጭ ወይም ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ትንሽ የደም ክፍል) ሊሆን ይችላልና ትንሹን ማስተካከያ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ሰማያዊውን ፈልጉ። ስላይዱ ላይ ወፍራም ሆኖ በተቀባው ደም ላይ ቢያንስ 100 ፊልድ (በአንድ ጊዜ በሌንሱ የሚታይ ክብ ቦታ) ሳታዩ ‹ኔጌቲቭ› ብላችሁ አትጻፉ፤ ውጤቱን የሚጠብቀው ትኩሳት ያለበት ሰው ነው።

አንዴ ዘይት ከገባ ወደ ባለ40 መመለስ የለም። ባለ40 ደረቅ ሌንስ ነው፣ ዘይት ከነካው ከዚያ በኋላ የምታዩት ሁሉ ጭጋግ ይሆናል፣ ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ ‹አርባው አይሠራም› የሚባለውም በዚሁ ነው።

ሥራ ሲያበቃ ዘይቱን በሌንስ ወረቀት ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አንሱ፣ አትፈትጉ። ሶፍትና ጎዝ ሌንስ ይጭራሉ። ዛይሊን (ዘይት የሚያሟሟ ፈሳሽ) የግድ ካስፈለገ ወረቀቱን በትንሹ ነካ አድርጉት፣ ሲበዛ የሌንሱን ማጣበቂያ ይለቃል። አሁንም ነጥብ ከታያችሁ ዓይናችሁን የምታስጠጉበትን የላይኛውን ሌንስ አሽከርክሩት፤ ነጥቡ አብሮ ከዞረ ቆሻሻው እሱ ላይ ነው። ስላይዱን ስታንቀሳቅሱ አብሮ ከሄደ ስላይዱ ላይ ነው። በሁለቱም ካልተነቃነቀ ባለ100ውን እንደገና ጥረጉ።